በፀሐይ ዳርቻ ያለችው ማሞቂያ

እትዬ አቧራ ቤት ገብታችሁ ጣታችሁን በመደርደሪያው ላይ ብታንሸራትቱ አንዲት ብናኝ አታገኙም። ዕድሜ ልካቸውን አቧራ ሲያሳድዱ የኖሩ ሴትዮ ናቸው፤ የሚያሳድዱት ግን የምድሩን አይደለም። ለምድሩ እርጥብ ጨርቅ አላቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ከሞቱ ከዋክብት ተርፎ በሰማይ የሚንከራተተውን፣ ዓይን የማያየውን ብናኝ ነው። ለዚሁ ብለው በጉልምስናቸው ዘመን አንዲት መሣሪያ ሠሩ። ስፋቷ እንደ ሻይ ትሪ፣ ስሟ አቧራ ቆጣሪ። የጠፈር መንኮራኩር ላይ ጭነው ላኳት፤ ይኸው ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ከፀሐይ እየራቀች ትሄዳለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሴትዮዋ ጉረኛ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ በየሳምንቱ ሰኞ ሽክ ብለው መንኮራኩሯን ወደሚከታተለው መሥሪያ ቤት ይመጣሉ። «ልጅቱ እንዴት አደረች?» ይላሉ ገና ከበሩ፤ ልጅቱ ማለት ቆጣሪዋ ናት። የአቧራ ክፍል ሰዎች ተነስተው ወንበር ይለቁላቸዋል። የማግኔት ክፍል ሰዎች ደግሞ ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ሆነው ይሳሳቃሉ፤ ሁለቱ ክፍሎች ሲበሻሸቁ ነው የኖሩት።

የማግኔቶቹ አለቃ ማን መሰለቻችሁ? የሴትዮዋ የገዛ ልጅ። አርባ ዓመቷን ደፍናለች፣ ሃያ ሰው ታስተዳድራለች፤ ለእናቷ ግን ሚጣ ናት፣ አለቀ። ያኔ በወጣትነቷ የማግኔት ጥናት መረጥሁ ስትላቸው እትዬ አቧራ ሳምንት ሙሉ አኩርፈው ነበር።

«ከዚያ ሁሉ ሙያ ማግኔት? ማግኔት ምኑ ይታያል?» አሏት።

«ያንቺስ አቧራ ይታያል እንዴ እማዬ?» አለቻቸው። ሳያስቡት ሳቁና ኩርፊያው በዚያው ቀረ።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። ፀሐይ ማብራት ብቻ አይደለም፣ ትነፋለችም። ከላይዋ የሚወጣው ነፋስ በየአቅጣጫው እየገፋ ሄዶ በዙሪያዋ ትልቅ አረፋ ነፍቷል። ምድርም፣ ሌሎቹ ፕላኔቶችም፣ እኛም ከነጣጣችን የምንኖረው አረፋው ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ ሄሊዮስፌር ይሉታል። ከአረፋው ውጭ ያለው ሌላ አገር ነው፤ የራሱ ብናኝ፣ የራሱ ማግኔት አለው። ዳርቻው ላይ የውስጡ ማግኔትና የውጭው ማግኔት እየተገፋፉ ይኖራሉ። እነዚያ ከውጭ የሚመጡ ብናኞች ደግሞ ኤሌክትሪክ ይዘዋል። ወፈር ያሉት ማግኔቱን ጥሰው ይገባሉ፤ ደቃቆቹን ግን ጠምዝዞ በጎን ይሸኛቸዋል። እትዬ አቧራ በማግኔት ላይ የያዙት ቂም የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ቆጣሪያቸው የቆጠረችው ወፍራሞቹን ብቻ ነው። ደቃቆቹን የፈለገ ከአረፋው መውጣት አለበት።

«አንዲት ደቃቅ ትምታልኝ» ይሉ ነበር፤ «አንዲት ብቻ። ከዚያ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሯ።»

እዚያችው መንኮራኩር ላይ የተጫነው የማግኔት ክፍሉ መለኪያ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። እዚያ ዳር ያለው ማግኔት ከደካማም ደካማ ስለሆነ መንኮራኩሯ ራሷ የማግኔት ሽታ እንኳ እንዳይኖርባት ተብሎ ነው የተሠራችው። የተገጣጠመችበት አዳራሽ በር ላይ ኮምፓስ ተቀምጦ ነበር። የሚገባ ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ መርፌዋ ንቅንቅ ካለች ተመለስ ይባላል፣ ሚኒስትርም ቢሆን። ቀበቶ ይፈታል፣ የፀጉር ሽቦ ይነቀላል፣ የቀሚስ ቁልፍ በፕላስቲክ ይቀየራል። እትዬ አቧራ አንድ ክረምት ጫማቸው ተረከዝ ውስጥ ያለችው ምስማር አላሳልፍ ብላቸው በካልሲ ሲሠሩ ከርመዋል። ቆጣሪዋ ያንን ኮምፓስ ያለፈችው መርፌዋን ፀጉር ያህል ሳታነቃንቅ ነው። ይህንን ሲያወሩ ደረታቸው ይነፋል።

ዘንድሮ የመንኮራኩሯ ባትሪ ደከመ። ያለው ኃይል በዋት እየተመተረ ለየመሣሪያው ይታደላል፤ የእደላው ሰብሳቢ ደግሞ የዚህ ዓመት ተራ ደርሷት ሚጣ ናት። ሁለቱ አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፣ እናት ምድር ቤት፣ ልጅ ፎቅ፤ ቁርስ አብረው ይበላሉ። አንድ ጠዋት እትዬ አቧራ ሻያቸውን ሳይነኩት አስቀመጡና፦

«ሚጣዬ፣ ቆጣሪዬ በርዷታል» አሉ።

«አውቃለሁ እማዬ።»

«ካወቅሽ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ስትወጂኝ ይሄን ነገር እቤት አታንሺብኝ። ለእናቷ አደላች እንዲሉኝ ነው?»

«አድዪልኝ መቼ ወጣኝ? በርዷታል ነው ያልኩት።» ዳቦውን ቆርሰው መልሰው አስቀመጡት። «ይሄን ሁሉ መንገድ ሄዳ፣ በሩ ላይ ደርሳ፣ እግሯን ልታነሳ ስትል ደርቃ ትቅር? በሞቴ ሚጣ። ትንሽ አሙቂያት።»

ሚጣ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ግን አንጀቷ አልቻለም። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ከራሷ ከማግኔት መለኪያው ድርሻ ቀንሳ ለቆጣሪዋ ማሞቂያ ሰጠች። የሌላውን ሰው ድርሻ ስላልነካች ማንም ቅር አላለውም። ትእዛዙ ተላከ። ከዚህ እዚያ ለመድረስ በብርሃን ፍጥነት እንኳ የአንድ ቀን ሁለት ሦስተኛ ይፈጃል፤ የመልሱም እንደዚያው። እትዬ አቧራ ቆጣሪያቸው መሞቋን የሰሙ ቀን የአቧራ ክፍሉን በሙሉ ሻይ ጋበዙ።

ሻዩ ሳይበርድ ሌላ ወሬ መጣ። በስክሪኑ ላይ የማግኔቱን ጥንካሬ የሚያሳየው መስመር ዘለለ። እንዲሁ ወጣ ወረድ ሲል የኖረው መስመር ድንገት እጥፍ ሆኖ እዚያው ተሰቀለ። የውጭው ማግኔት ዳርቻው ላይ ካለው ከውስጡ ስለሚበረታ የዚህ ትርጉም ለእነዚህ ሰዎች አንድ ብቻ ነው፤ መንኮራኩሯ ከአረፋው ወጣች ማለት ነው። ኮሪደሩ በጭብጨባ ተናጋ፤ አቧራና ማግኔት ተቃቀፉ።

የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ ካሜራ ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ገና ሪፖርቱ ሳይጻፍ ለጋዜጠኞች ሁሉ ጥሪ አስተላለፈ፤ ሐሙስ ጠዋት በትልቁ አዳራሽ መግለጫ አለ፣ መግለጫውን የምትሰጠው የማግኔት ክፍል ኃላፊዋ ናት ብሎ።

እሑድ ምሳ ላይ ታዲያ ሚጣ ሹካዋን ይዛ ሳህኗን ታያለች እንጂ አትበላም።

«ምን ሆነሻል?» አሉ እናት። «ዓለም እያጨበጨበልሽ አንቺ ከቀብር የተመለስሽ ትመስያለሽ።»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እኔ ነኝ የወለድኩሽ። ተናገሪ።»

ሚጣ ሹካውን አስቀመጠችው። «ዝላዩ የመጣበትን ቀን አየሁት። ማሞቂያሽ የበራበት ቀን ነው። ያው ሰዓት ነው እማዬ።»

እትዬ አቧራ ለመገንዘብ ጊዜ አልወሰደባቸውም። በሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው ትንሽ ማግኔት ይፈጠራል፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪም ያውቀዋል። ልጃቸው የምትላቸው «ይሄ የምታጨበጭቡለት ዝላይ የሰማይ ይሁን የማሞቂያሽ አላውቅም» ነው። እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው ተነሡ።

«የኔ ቆጣሪ? ኮምፓሷን አልፋ የገባችው? በካልሲ የሠራኋት? ደግሞ ብላችሁ ብላችሁ እሷን ማግኔት ናት ልትሉ ነው?»

«አልዋሸችም፣ አላጠፋችም። ያኔ ይሄን ያህል ኤሌክትሪክ ሰጥተናት አናውቅም። ፀሐይ አጠገብ እያለችም ማግኔቱ ጠንካራ ስለነበር የማሞቂያን ድምፅ ማን ይሰማል? አሁን ያለችበት ግን ጸጥ ያለ ቦታ ነው። እዚያ ሹክሹክታም ይሰማል።»

ሴትዮዋ ተመልሰው ተቀመጡ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ይበልጥ ተናደዱ። ግን የመሐንዲስነታቸው ነገር አሸነፋቸው።

«መለያው አንድ ነው» አሉ በቀስታ። «ማጥፋት ነው። ማሞቂያዋ ጠፍታ መስመሩ ከወረደ የኛ ነበር። ካልወረደ የሰማይ ነው።»

«አላጠፋትም» አለች ሚጣ።

ለምን እንዳለች ሁለቱም ያውቃሉ። የማሞቂያዋ ማብሪያ ያረጀ ነው፤ የአሁኑም በዕድል ነው የበራው፣ በዚያ ብርድ አንዴ ከጠፋ ተመልሶ አይበራም። ከባትሪው እየተረፈ እስካሁን ያቆያት ሙቀትም አልቋል፤ ማሞቂያ የሌላት ቆጣሪ ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደርቃ ትቀራለች። የሠላሳ ዓመት መንገደኛ፣ ደቃቆቹ ዛሬ ይምጡ ነገ በሚባልበት ቦታ ላይ።

«መግለጫውን አሰርዘዋለሁ» አለች ሚጣ። «ገና ነን እላለሁ። ባትሪው በራሱ ጊዜ ማሞቂያሽን ማብራት ሲያቅተው ያኔ እናያለን።»

«ያኔማ ያንቺም መለኪያ አብሮ ያልቃል። በምን ልታዪ ነው?»

«እንግዲያው አላይም። ይቅርብኝ።»

እትዬ አቧራ ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጉት አልነግራችሁም፤ እሳቸውም ለማንም አላወሩም። አንድ ነገር ግን እናውቃለን፣ ክፉ ሐሳብ ሽው ብሎባቸዋል። ሁለቱም ዝም ማለት ይችላሉ። ቀኑን ያስተዋለ ሌላ ሰው የለም። ሚጣ ሐሙስ ቆማ ወጥተናል ትላለች፣ ስሟ ይገናል፤ ቆጣሪዋም ሙቀቷን እያገኘች ደቃቆቹን ትጠብቃለች። ማን ይጎዳል? ይህንን ሐሳብ ይዘው አድረው ጠዋት ሲነሱ ልጃቸው ቁርስ ሳትበላ ወጥታለች። የሰኞ ልብሳቸውን ለበሱና ተከተሏት።

ስብሰባው ተጀምሯል። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዳይሬክተሩ የሐሙሱን ነገር እያወራ ነው፤ የትኛው ካሜራ የት እንደሚቆም ሳይቀር። ሚጣ ስትነሣ ለምስጋና መስሎት ጠረጴዛውን በጣቶቹ መታ መታ አደረገ።

«አንድ ነገር ልናገር» አለች። «ዝላዩ የተመዘገበው የናቴን መሣሪያ ባሞቅሁበት ሰዓት ነው። ሐሳቡን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ትእዛዙን የፈረምሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ ወጥተናል ብዬ አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም።»

አብረዋት የደከሙት የማግኔት ልጆች ተያዩ፤ አንዷ አቀረቀረች። ዳይሬክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ እኮ አንዲት ትንሽ ማሞቂያ ናት። ከዚህ ክፍል ውጭ ማን ልብ ይለዋል?»

«እኔ ልብ ብዬዋለሁ» አለች።

«እሺ፣ እንግዲያው አጥፍተሽ እዪና ጥርጣሬሽን ተገላገዪው።»

ሚጣ ወደ እናቷ አየች። ሰው ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ኋላ ወንበር ዞረ። እትዬ አቧራ ማንንም አላዩም፤ ልጃቸውን ነው ያዩት። ይህቺ ልጅ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከአለቃዋ ጋር ተፋጥጣ፣ የራሷን ዝና በገዛ እጇ አፍርሳ ቆማለች፤ አሁን ምላሷን የያዘችው ለራሷ ሳስታ አይደለም፣ ለእናቷ ነው። ሴትዮዋ ኩራት የሚባለውን ነገር ያወቁ ይመስላቸው ነበር። ለካ አያውቁትም ኖሯል። ሌሊት ያሰቡት ነገር አሳፈራቸው።

ተነሡ። «አጥፏት» አሉ።

«እማዬ...»

«እዚህ እማዬሽ አይደለሁም። የቆጣሪዋ ሠሪ ነኝ። ፊርማ ካስፈለገ ወረቀቱን አምጡልኝ።»

«ደቃቆቹስ?» አለች ሚጣ፤ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ሆነ።

«ቢመጡ ደስ ይለኝ ነበር። ጠብቄያቸዋለሁ። ግን የኔን ቆጣሪ ላትርፍ ብለሽ የተጠራጠርሽውን እንድትውጪ አላሳደግሁሽም። በይ ላኪው።»

ትእዛዙ በዚያው ቀን ሄደ። መልሱ እስኪመጣ እትዬ አቧራ ንጹሑን መደርደሪያ ደግመው ደጋግመው ወለወሉት።

ረቡዕ ረፋድ ላይ ሁሉም ስክሪኑ ፊት ተሰበሰበ። ለሴትዮዋ ወንበር አመጡላቸው፤ «ቆሜ ነው የማየው» አሉ። መጀመሪያ የመጣው የቆጣሪዋ ሙቀት ነው። ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ቁጥሩ ራሱ መምጣቱን አቆመ። ደቃቅ ብናኝ አልመታትም። ከአቧራ ክፍል ሰዎች ባርኔጣ የነበረው አወለቀ። እትዬ አቧራ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ አልተሰማም።

ቀጥሎ የማግኔቱ መስመር መጣ። ወረደ።

አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። ዳይሬክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሚጣ ዓይኗን ጨፈነች፤ እናትየው ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ላይ አልነቀሉም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው።

«ቆመ» አሉ። «ሚጣ፣ ዓይንሽን ግለጪና እዪ። ቆሟል።»

የዝላዩን ሩብ ያህል ወርዶ ቆሟል። ሌላ ቁጥር መጣ፤ አልነቃነቅ አለ። ሌላም መጣ። ምሳ ሰዓት አልፎ ማንም ሳይበላ መስመሩ እዚያው ከፍ ብሎ እንደቆመ ነው። ሩቡ የማሞቂያዋ ነበር፤ የቀረው ሦስት እጅ የከዋክብቱ አገር ማግኔት ነው። ወጥተዋል። ያለ ጥርጥር ወጥተዋል፤ መውጣታቸውና ማሞቂያዋ በአንድ ሰዓት የገጠሙት በአጋጣሚ ነበር። ሐሙስ ዝም ብለው መግለጫ ቢሰጡ ኖሮ ግን ለዓለም የሚናገሩት ቁጥር የተሳሳተ ይሆን ነበር።

ሚጣ እናቷን ኮሪደር ላይ አገኘቻቸው። ግድግዳ ተደግፈው ያለቅሳሉ።

«ይቅርታ እማዬ። ገደልኩብሽ።»

«ዝም በይ» አሉ፤ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው። «ሩብ ነው ያሉት አይደል? ሩብ! ያ ኮምፓስ አልዋሸም፤ እኔ ያን ያህል ማግኔት አልሠራሁም።»

ሚጣ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን አለቀሱ ደግሞ፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቁት ነገር አልመጣም፣ አይመጣምም፤ በዚህ ማንም ሊያባብላቸው አልሞከረም። አቅፋቸው ቆመች። የማግኔት ልጆች በኮሪደሩ ማለፍ ሲኖርባቸው ዞረው በሌላው በር ሄዱ።

ሐሙስ አዳራሹ ግጥም አለ። ካሜራው፣ ማይክሮፎኑ፣ መብራቱ ሌላ ነው። እትዬ አቧራን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፣ ከአንዲት ወጣት ጋዜጠኛ አጠገብ። ዳይሬክተሩ ሚጣን በትልቅ ማዕረግ አስተዋወቀና ማይክሮፎኑን ሰጣት።

«መንኮራኩራችን ከፀሐይ አረፋ ወጥታለች» አለች ሚጣ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች። «ከሁሉ በፊት ግን ልንሳሳት የነበረበትን ነገር ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያየነው ዝላይ ሩቡ የሰማይ አልነበረም፤ የኛው ነበር። የአንዲት ማሞቂያ። ያበራኋት እኔ ነኝ። ይህን ለማወቅ ዳግመኛ የማናገኘውን መሣሪያ አጥፍተናል።»

ዳይሬክተሩ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ጋዜጠኛዋ መጻፏን አቁማ ወደ እትዬ አቧራ ጠጋ አለች።

«ምን ነክቷት ነው?» አለች በሹክሹክታ። «በእንዲህ ያለ ቀን ስህተቷን ታወራለች? ሰው እኮ ይሄን ይደብቃል። ማን ናት ይህቺ ሴት?»

«ልጄ ናት» አሉ እትዬ አቧራ።

በሹክሹክታ የተጠየቁትን በሹክሹክታ አልመለሱም። ሚጣ ንግግሯን አቋረጠች፤ አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አያቸው፣ ካሜራዎቹም ጭምር። አላፈሩም። ወንበራቸውን ተደግፈው ተነሡና ኋላ ያለው ሰው በደንብ እንዲሰማ ደገሙት።

«ልጄ ናት።»